ዓይን የሌለው የሐረጎ ሽማግሌ

ኮምቦልቻ በምሠራበት የማስታወቂያ ማተሚያ ቤት፣ ማሽኑ የሚጸዳበት ፈሳሽ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሽታ ይመጣብኛል። ፈሳሹ ሌላ ነው፣ ስሙም ሌላ ነው፤ አፍንጫዬ ግን አይሰማኝም፣ አኳራጅ ነው ይለኛል፣ ያ ቀለም የምናቀጥንበት አኳራጅ፣ እናም ደሴ ያለው ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር የነበረችው ጠረጴዛ፣ የእህቴ የሩቂያ ጎንበስ ያለ ጀርባ ተከታትለው ይመጣሉ። ሌላ ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመለስበት ደስ ይለዋል አሉ። እኔ ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ።

አባቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ አመሻሽ ላይ ያንኑ ወጥቶ ይመለሳል፤ አልፎ አልፎም ከሚጣለው ላይ አስፈቅቶ ያለቀለት የማሽን ኩሽኔታ ይዞ ይመጣ ነበር። ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ነጭ ብረት ለስላሳ ስለሆነ በከሰል እሳት ላይ በጣሳ ይቀልጣል። አባቴ በሰም ቅርጽ አውጥቶ፣ በጀሶ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ ብረቱን በቦታው ይሞላበት ነበር፣ ሲቀዘቅዝም ጀሶውን ሲሰብረው ከጣት የማትረዝም ፍጥረት ትወጣለች። ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ፣ ክንፍ ያወጣ ጅብ፣ ጋሻ የያዘ ጭራቅ። ከሁሉ የምንወደው የሐረጎን ሽማግሌ ነበር፤ አባቴ እንደሚለው ጉሙ ውስጥ የሚኖር፣ ዘንዶ ላይ ተቀምጦ መንገዱን የሚጠብቅ፣ ጉሙም ከጢሙ የሚወጣ ሽማግሌ ነው። ይህን ተረት ከአባቴ በቀር ከማንም ሰምቼው አላውቅም፤ ሚኒባሱ በጉም ተይዞ ሲቆም ሥራ ፈትቶ የፈጠረው ይመስለኛል።

ክረምት ሲገባ ደሴ በጉምና በጭቃ ትዋጥ ነበር፣ ከቤት የሚያስወጣ ነገር ስለማይኖርም ሥራችን የሚጧጧፈው ያን ጊዜ ነው። የእኔ ድርሻ ማዘጋጀት ነበር። ብረቱ የገባበትን ጉቶ በመጋዝ ቆርጬ፣ ትርፉን በቀጭን ሞረድ ሞርጄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ በሳሙናና ባረጀ የጥርስ ብሩሽ አጥቤ ጨርቅ ላይ አሰጣው ነበር። ከታጠበ በኋላ በእጅ መንካት ክልክል ነው፤ የጣት ወዝ ያረፈበት ብረት ቀለም አይዝም፣ ወር ሳይቆይ ተልጦ ይወድቃል። እኔ ደግሞ እጄ አያርፍምና ሩቂያ ቀና እንኳ ሳትል «በጣትህ አትንካው አልኩህ እኮ!» ትለኝ ነበር። በአምስት ዓመት ብቻ ብትበልጠኝም፣ ብሩሽ ስትይዝ ቁጣዋ የአሮጊት ነበር።

ከዚያ ዝገት የሚከላከለው የሥር ቀለም፣ አንቲራስት፣ ይቀባል። እሱ ሳይደርቅ ሌላ ቀለም አይደረብበትም፣ በደሴ ክረምት ደግሞ ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይደርቅ፣ ምን ይደርቃል? ስለዚህ አባቴ የተቀቡትን ምሳ ዕቃው ውስጥ ደርድሮ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ይወርድ ነበር፣ እዚያም መስኮት ላይ አስጥቶ ሲያበቃ ደርቀው ይመልሳቸዋል። «ምሳውን ትቶ ጭራቅ ተሸክሞ ሥራ የሚሄድ ባል አላህ ለእኔ ብቻ ነው የሰጠኝ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች እናቴ ታሾፍበት ነበር።

እናቴ እንዲህ ብታሾፍም በአንድ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። «ዓይን እንዳትስሉለት። የቂያማ ቀን በሉ ነፍስ ስጡት ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ» ትለን ነበር።

«ኧረ ፋጡማ፣ ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? መጫወቻ እኮ ነው» ይላታል አባቴ።

«መጫወቻም ቢሆን ዓይን አይኑረው» ትላለች፣ ነገሩም በዚያ ያልቅ ነበር። እናም ቤታችን ውስጥ ያለው ፍጥረት ሁሉ ዓይን አልነበረውም።

አባቴ የሚወደው የጭነት መኪና አቀባብ ነበር፤ ቀይ ከሆነ ደማቅ ቀይ፣ ቢጫ ከሆነ ደማቅ ቢጫ፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ። እኔም ከአባቴ ጎን ነበርኩ። ሩቂያ ግን ስታዳምጠን ትቆይና የራሷን ታደርጋለች። ጥቁር ቀለም በአኳራጅ እንደ ሻይ አቅጥና ብረቱ ላይ አፍስሳ፣ ወዲያው በጨርቅ ስትጠርገው ጥቁሩ ጎድጎድ ባለው ቦታ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ብሩሿን ቀለም አስነክታ፣ ጨርቅ ላይ ጠራርጋ አድርቃ፣ በዚያ በደረቀው ብሩሽ ወጣ ወጣ ያለውን ጫፍ ብቻ ትዳብሰው ነበር፣ ያኔ የዘንዶው ቅርፊት አንድ በአንድ ይነሳል። ብሩሹንም የፍየል ፀጉር በእስክሪብቶ ቀፎ አስራ ራሷ ነበረች የሠራችው። ማንም አላስተማራትም። ዓይን ስለተከለከለች ደግሞ ከሽማግሌው ቅንድብ ሥር ቡኒ በጥቁር፣ ጥቁር በቡኒ እየደረበች ጥላ ስታስገባ ቆይታ ብሩሹን ስታስቀምጥ፣ ያ ዓይን የሌለው ሰውዬ አተኩሮ ያያችኋል። እናቴ አገላብጣ ፈልጋ ዓይን ስታጣበት «ዓይን የለውም፣ ግን ያየኛል፤ ይሄንንስ ምን ልበለው?» ብላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠችው።

ሩቂያ ያን ጊዜ ትምህርት አቋርጣ ነበር። እናቴ ወገቧን ስትታመም «ለአንድ ዓመት ብቻ» ተብላ ከስምንተኛ ክፍል ቤት ቀረች፣ አንዱም ዓመት ሦስት ሆነ። በጥቅምት፣ ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይ በወጣ ሰሞን፣ እኔ የምማርበት ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ትርዒት እንደሚኖር፣ አንዲት የሥዕል መምህርት መጥታ እንደምታይ፣ ከሁሉ የበለጠውንም ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ እንደምታስተምረው ተነገረን። ይህን ቤት መጥቼ ሳወራ ሩቂያ የምትለቅመውን ምስር ትታ ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ ስታየኝ አይቻት አላውቅም ነበር። ግን ማቅረብ የሚችለው ተማሪ ብቻ ነው ስላት መልሳ አቀረቀረች።

አባቴ እኔን በአገጩ እያመለከተ «በሰይድ ስም ይግባ፤ ያው የአንድ ቤት ሥራ አይደል» አለ።

ሩቂያ ተከትላኝ ግቢ ወጣች። «በስምህ ይግባ፣ እሺ። ግን ሴትዮዋ ስትመጣ እህቴ ናት የቀባችው በላት። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬን ጎረቤት እንድታይልኝ እለምናለሁ።»

«እላታለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ወላሂ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብዬ የማመካኝበት ዕድሜ አይደለም።

ትርዒቱ ኅዳር ላይ ሆነ። ሩቂያ ወር ሙሉ የደከመችበትን ሽማግሌ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ አባቴም ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ከአዳራሹ በስተኋላ ቆመ። መምህርቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ስፌቱን አየች፣ ሸክላውን አየች፣ እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሽማግሌውን ያነሳችው በመሐረብ ነበር፤ በጣቷ አልነካችውም።

«ይህን የቀባው ማነው?»

የክፍሌ ልጆች ከበውኛል። አባቴን አየሁት፣ አባቴ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ምን ማለቱ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ዓይኑንስ ለምን ተውከው?»

እውነቱን ብናገር ኖሮ፣ እናቴ ዓይን ከልክላን ነው ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እኔ ግን «አልጨረስኩትም» አልኩ። ከአጠገባችን ከነበረው ጠረጴዛ ብሩሽና ቀለም አንስታ አቀበለችኝና «እስቲ ጨርሰው፣ ልይህ» አለችኝ። ሁለት ነጭ ነጥብ አደረግሁ፣ በነጩ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ጨመርኩ፣ አንዱም ዓይን ከሌላው ከፍ አለ። የሐረጎ ሽማግሌ የደነገጠ ዶሮ መሰለ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

መምህርቷ ዝቅ ብላ በጆሮዬ «ልጄ፣ ያንን ጥላ የሠራ እጅ ይህን ዓይን አይስልም። ማን እንደሆነ ንገረኝ። አልቆጣህም፤ የምፈልገው ያንን ሰው ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ሁለተኛ ዕድል ማለት ይህ ነው። ብዙ ሰው በሕይወቱ አንዱንም አያገኝም። እኔ ግን ያጨበጨቡትን ልጆች አየሁና «ወላሂ እኔ ነኝ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ አባቴም እስኪሰማ። አባቴ ጫማውን ያይ ነበር።

«ወላሂ ካልክማ ምን እላለሁ» ብላ አለፈች። ቅዳሜዎቹ ሸክላ ለሠራ ሌላ ልጅ ተሰጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ለስላሳ ገዛልኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ «ሩቂያን ሴትዮዋ ሌላ መረጠች በላት። ይበቃል» አለኝ። ለስላሳውን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ሩቂያ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። «ነገርካት?»

«ነግሬያታለሁ። ሌላ ሰው መረጠች።»

ፊቷ ትንሽ ጠቆረ፣ ወዲያው ግን «ይሁን፣ ካየችው ይበቃኛል። ምን አለች?» ብላ ጨርቁን ተቀብላኝ ፈታችው። ሁለቱን ዓይኖች አየች።

«ይሄን ማን ሳለው?»

«ሴትዮዋ ሳለው አለችኝ።»

«እኔ መቀባቴን ከነገርካት፣ ታዲያ አንተን ለምን አዘዘችህ?»

ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፣ የጫማው ክርም እንደዚያ ቀን አስቸግሮት አያውቅም። ሩቂያ ጨርቅ በአኳራጅ ነክራ ዓይኖቹን ማሸት ያዘች፤ ነጩ ሲለቅ ከሥሩ ያለው ጥላ አብሮ ለቀቀ፣ አሁንም ስታሸው ቡኒው ለቀቀ፣ ከዚያም አንቲራስቱ፣ በመጨረሻ ከሽማግሌው ፊት ባዶው ብረት ወጣ። አኳራጁን ከደነችው። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም፤ ገብታ ምስሯን መልቀም ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩሽ አልያዘችም።

በልግ ሲመጣ አባቴ ሁለት ሦስት ዘንዶ አቅልጦ ሠርቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት፣ ይቅርታ መጠየቁ ይመስለኛል፣ እሷ ግን አቧራቸውን እየጠረገች መልሳ ታስቀምጣቸው ነበር። እኔ ቀባኋቸው። ክረምቱ ሳያልቅ ሁሉም ተላጡ። በሁለተኛው ዓመት ሩቂያ ተድራ ወደ ቢስቲማ ሄደች፣ ባሏ ደህና ሰው ነው፣ ያን ያህል የሚያማርራትም የለም። አባቴ ያን ነገር አንዴም ሳያነሳው ሞተ። አላህ ይዘንለት፣ ግን እወቅሰዋለሁ። እሱን መውቀስ ይቀለኛል፣ ራሴን ስወቅስ የምሄድበት ቦታ የለኝማ።

አሁን ስልኬ ላይ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያሉ የብረት ጭራቆችና ዘንዶዎች ሲቀቡ አያለሁ። ቀጭን ጥቁር አፍስሰው ይጠርጋሉ፣ ብሩሹን አድርቀው ጫፍ ጫፉን ይዳብሳሉ። ለእያንዳንዱ አቀባብ ስም አውጥተውለታል፣ ያስተምሩታል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያያቸዋል። እህቴ ይህን ሁሉ ደሴ በጉም ውስጥ፣ በፍየል ፀጉር፣ ከምስር ለቀማ በተረፈ ሰዓት ብቻዋን ደርሳበት ነበር። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ሳይ ሥራ ቦታ ነበርኩ፣ ወጥቼ አለቀስኩ።

ጥር ላይ ጥሩ ጥሩ ብሩሾችና ቀለሞች ገዝቼ ቢስቲማ ወሰድኩላት። ነገሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ነገርኳት፤ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ እንደጠየቀችኝ፣ እኔም ሁለተኛውን በወላሂ እንደካድኩ። ሩቂያ አንዱን ቀለም ከፍታ አሸተተችው፣ ከደነችው።

«ሁለተኛውን አላውቅም ነበር» አለች። ቀጥላም «አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን ምሳህን ብላ» አለችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ጀሪካኖቹ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ነበር። ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ ላይ ጀሪካን ስለሚቀያየር ሰው ሁሉ ምልክት ያደርግበታል፤ አንዱ ጨርቅ ያስራል፣ አንዱ በቢላ ይጭራል። በእሷ ቢጫ ጀሪካን ላይ ግን በእኔ ቀለም «ሩቂያ» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሎቹ ከሥራቸው ጥላ ገብቶላቸው፣ ጫፋቸው በደረቅ ብሩሽ ተዳብሶ፣ ከፕላስቲኩ ላይ ብድግ ብለው የቆሙ ይመስላሉ። በሕይወቷ ከቀባችው ሁሉ ስሟ ያለበት እሱ ብቻ ነው።

«ምነው ሩቂያ፣ በዚያ ሁሉ ቀለም ይሄን ብቻ?» አልኳት።

«እንዳይወስዱብኝ ነው» አለች።

እኔም ሳላስበው እጄን ወደ ፊደሎቹ ዘረጋሁ። እሷ ጎንበስ ብላ እየጠረገች ነበር፣ ቀናም አላለች።

«በጣትህ አትንካው፣ አልደረቀም።»

ልጅ ሳለሁ እንዲህ ስትለኝ ተደብቄም ቢሆን እነካ ነበር። አሁን ሁለቱንም እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ እስኪደርቅ ድረስ ቆምኩ።