በሙት ስም የተመረመረችው ጋን

እንሽራህ ዘህራን፣ መሃላ በምትባለው ከተማ ካሉት የክር ማቅለሚያ ፋብሪካዎች በአንዱ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ፣ እጇን ሳታሳርፍበት «ደህና ነው» ብላ ያለፈችው ነገር አንድ ብቻ ነው። አንድም ይበዛል። ዛሬ እሷን የሚያውቅ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ከዚያች ቀን በፊትና ከዚያች ቀን በኋላ እያለ ነው።

ፋብሪካው የገባችው ክር ተሸካሚ ሆና ነበር። ባሏ ኩዌት ሄዶ በስልክ ከፈታት በኋላ ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ ጧት ጧት በሚኒባስ ትመጣለች። አንድ ቀን ሸክሟን እንደያዘች ከማቅለሚያ ጋኖቹ መሀል ቀጥ ብላ ቆመችና «ይቺኛዋ ትተነፍሳለች» አለች። ወንዶቹ ሳቁባት። የምርመራ ክፍሉ አለቃ በዩሚ፣ ለሙያው ክብር «ኡስታ» የሚሉት፣ ግን አልሳቀም፤ ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጥ እውነትም ከክዳኑ ሥር እንፋሎት እንደ ክር ቀጥኖ ያፏጫል። በሳምንቱ እሷን ወደ ክፍሉ አዛወራት።

«ሴት ልጅና መፍቻ ምንና ምን ናቸው?» አሉ ወንዶቹ።

«መፍቻው መች ወንድ ሴት አለ? እናንተ ናችሁ የምትሉት» አላቸው ኡስታ በዩሚ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። አሥራ አራት ጋኖች አሉ፤ ክሩ በፈላ ቀለም የሚቀቀልባቸው፣ ክዳናቸው ሁለት ሰው የሚያህል የብረት ጋኖች። የእያንዳንዷን ታሪክ በጥቁር ደብተር ይጽፍ ነበር፤ ደብተሩ በቀለም እጅ ከመገላበጡ ብዛት ራሱ ጨርቅ መስሏል። ከአራት ዓመት በፊት ኩባንያው ጽሑፍ የሚያሳዩ መነጽሮች ሲያመጣ ደብተሩ ይቅር ተባለ። መነጽሩን አድርገህ ጋኗ ላይ የተለጠፈችውን ምልክት ስታይ፣ ከጋኗ ፊት አየር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይንሳፈፋል፤ የትኛው ደንበኛ ክር ውስጧ እንዳለ፣ መለዋወጫዋ መጋዘን ውስጥ ስንት እንደቀረ፣ መቼ እንደተመረመረች፣ ማን እንደመረመራት። ምርመራህን ስትጨርስ አየር ላይ ያለችውን አረንጓዴ ምልክት በጣትህ ትነካለህ፤ ስምህ ይሰፍራል።

ይህን ያበጀችው ኢንጂነር ኔርሚን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። «መነጽሩ ራሱ ምንም አያውቅም» ብላ አስረድታቸዋለች መጀመሪያ ቀን። «ቢሮ ያለውን መዝገብ በኢንተርኔት ይጠይቃል፣ መዝገቡ ይመልስለታል። መዝገቡ ደግሞ የሚያውቀው እናንተ የነገራችሁትን ብቻ ነው።»

ኡስታ በዩሚ መጀመሪያ አኮረፈ። በኋላ ግን እንደ ልጅ ወደደው። ድምፅ መቅዳት እንደሚቻል ሲያውቅ በአሥራ አራቱም ጋኖች ላይ ምክሩን ቀድቶ ተወ። ሰባተኛዋ ጋን ፊት ትንሽ ከቆምክ፣ በሲጋራ የሻከረ ድምፁ ይመጣል፦ «ይቺ ተንኮለኛ ናት። ፊቷን አትመኑ። የክዳኗን ጎማ በእጃችሁ ዳብሱ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም ጥረጉ።»

ከዚያ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ማክሰኞ ቀን፣ ፉሉን በልቶ ሳይጨርስ ቤቱ ወድቆ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን ኔርሚን የሟቹን መግቢያ ስም ልትዘጋ ወደ ክፍሉ መጣች። አሁን በእሱ ቦታ ተጠባባቂ አለቃ የሆነችው እንሽራህ መንገዷን ዘጋችባት።

«አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን ልታወጪው? ቤት የለቀቀ ተከራይ አደረግሽው እኮ!»

«ታዲያ ምን ላድርገው ሲት እንሽራህ? ደንቡ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላት። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መንገድ ዳር የውሃ ማቀዝቀዣ ያቆማል፤ የሟቹን ስም ይጽፍበታል፤ የጠጣ ሁሉ ምንዳው ለእሱ ነው። ኡስታ በዩሚ ግን ማቀዝቀዣ የሚያቆም ሀብት አልተወም። «እስከ አርባው ድረስ ምርመራችንን ሁሉ በእሱ ስም እናስገባ» አለች እንሽራህ። «በደህና የሠራነው ሁሉ ሰደቃ ይሁንለት።»

ከመርማሪዎቹ አንጋፋው አብዱል ሙዕጢ አለቀሰ። ሌሎቹ ሦስቱ «አላህ ይቀበለው» አሉ። የጋኖቹ ክዳን ከፋች ሻዝሊ፣ ምላሱ ዘመድ የማያውቅ፣ በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «ምስኪን ኡስታ! ሞቶም አላረፈ፤ ጭራሽ ከመቃብር ፈረቃ ልታስገቡት!» አለ። ሳቁ፤ ሳቁም ተመልሶ ለቅሶ ሆነ። ኔርሚን ደንቡን ሁለት ጊዜ አነሳች፤ ሰሚ ስታጣ አምስቱንም መነጽሮች በበዩሚ ስም ከፈተችላቸው።

መጀመሪያ ሰሞን እንሽራህ ደስ አላት። እያንዳንዷ ጋን ላይ ስሙን ስታይ ያለ ይመስላታል። ውሎ ሲያድር ግን ሌላ ነገር መጣ። የትም ብትሄድ ቀድሟት የደረሰ ሰው አለ። «በዩሚ አብዱል ጀዋድ፣ ዛሬ ጧት፣ ደህና።» ወደ ሦስተኛዋ ትዞራለች፤ በዩሚ ነበረ። ወደ አሥራ አንደኛዋ ትሻገራለች፤ በዩሚ ነበረ። አንዳንዴ ጽሑፉ ከመንሳፈፉ በፊት ከጋኗ ጀርባ ሰው ያለፈ መስሏት ዞራ ታያለች። የተራ ሰሌዳውም ቀረ፤ ሁሉ በአንድ ስም ከገባ ማን የትኛዋን እንዳየ ምን ያደርጋል? ስሙ ደግሞ የተራ ሰው ስም አልነበረም። በዩሚ አየው ከተባለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ደግሞ አይቶት አያውቅም።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሰባተኛዋ ጋን ቀለሟን አፍስሳ ነበር። ክዳኗ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ እስኪበርድ አርባ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ክሩን የሚጠብቀው የጭነት መኪና ደጅ ቆሟል። እንሽራህ መነጽሯን አድርጋ ቀና ስትል፣ «በዩሚ አብዱል ጀዋድ፣ ትናንት፣ ደህና» ይላል። ትናንት ካየው ምን ይሆናል አለች በሆዷ። ድምፁ ጀመረ፤ «ይቺ ተንኮለኛ ናት...» እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ አረንጓዴዋን ነካች።

ሰባተኛዋ አዲስ ክር ተጭኖባት ስትፈላ፣ ሻዝሊ መክፈቻው ጋ ቆሞ እየቀለደ ሳለ፣ የክዳኗ ጎማ ለቀቀ። እንፋሎቱ የግራ ክንዱንና አንገቱን ገፈፈው። ጩኸቱ የማሽኖቹን ድምፅ በለጠ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ መጣ። ጎማው ሲወጣ ከሥሩ የተጋገረው ቀለም ቀይ ነበር፤ በላዩ ላይ ሰማያዊ። የቀይ ክር ትእዛዝ ካለቀ አደጋው ሲደርስ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያን ጎማ የዳበሰ፣ ቀለሙን የጠረገ ሰው የለም። መዝገቡ ግን ለዘጠኙም ቀን «በዩሚ፣ ደህና» ይላል። ኔርሚን ከየትኛው መነጽር እንደተነካ ፈለገች፤ መዝገቡ የሚይዘው ስም ብቻ ነው። አምስቱም አንድ ስም ነበሩ።

በማግስቱ ወሬው ፋብሪካውን አዳረሰ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ኡስታ መጨረሻው አካባቢ ደክሞት ነበር፤ ጎማውን መቀየር የነበረበት እሱ ነው» አለ አንዱ። «ሙት አይታሰር፣ ደመወዙ አይቆረጥ» አለ ሌላው። አብዱል ሙዕጢ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን አማሰለ። እንሽራህም ዝም አለች። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ዝም አለች። ልጇ ታንታ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ይህች ሥራ ከሄደች ሌላ የለም። በዚያ ላይ ማን ያውቃል? የሚያውቀው በዩሚ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ሄደች። ሻዝሊ በፋሻ ተጠቅልሎ ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል።

«ብርቱካን ነው ያመጣሽልኝ?» አላት። «ማን ይላጥልኝ? አንድ እጅ አለኝ እኮ።»

«እኔ እልጥልሃለሁ።»

እየላጠች ሳለ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ፣ «ኡስታ ነው ያየው አሉኝ» አለ።

«መዝገቡ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«መዝገቡን ተዪው። የሰውየው ሬሳ ሲወጣ የቃሬዛውን አንድ እግር ይዤ ነበር፣ እንዴት ይከብድ እንደነበር አውቃለሁ። እሱ አይደለም ያቃጠለኝ። ማን ነው፣ ሲት እንሽራህ? ልከሰው አይደለም። ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ ኡስታ ነው፤ በሩ ላይ ይቆምና ‹እኔ አይደለሁም› ይለኛል። ሌላ ፊት ስጪኝና ይሂድልኝ።»

ብርቱካኑ እጇ ላይ ቀረ። እንደያዘችው ወጣች፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እስኪበቃት አለቀሰች። ሰደቃ ብላ የሰጠችው ነገር ለሟቹ ምን ሆኖ እንደደረሰው አሁን ገባት።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። አራቱም መርማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰብሳቢው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «እንግዲህ ማን እንደነካ ካልታወቀ፣ ጥፋቱ ጎማውን ሳይቀይር የሞተው መርማሪ ነው ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል» ሲል፣ «አይዘጋም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የመጨረሻዋን ቀን የነካሁት እኔ ነኝ። ጋኗ ትኩስ ነበረች፤ እጄን አላሳረፍኩም። በእሱ ስም እናስገባ ያልኩትም እኔ ነኝ። የእሱን ስም አውጡና የኔን ጻፉ።»

ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ «የቀሩት ስምንት ቀኖችስ?» አለ።

እንሽራህ ወደ ግድግዳው አልዞረችም። «የኔን ነው የማውቀው» አለች። ከኋላዋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን ማንም አልተናገረም።

ከአለቅነት ወርዳ ተራ መርማሪ ሆነች፤ ሦስት ወር ደመወዟ ተቀነሰ። ሥራዋ ግን ተረፈላት። የአደጋው መዝገብ መማሪያ ይሁን ተብሎ፣ የመጨረሻው ቀን ወደ እሷ ስም ተዛውሮ፣ ዘጠኙም ቀኖች ሰባተኛዋ ጋን ፊት ላይ እንዲቆዩ ታዘዘ።

አርባው አንድ ቀን ሲቀረው የበዩሚ ባለቤት ሐጃ ኑዕማት የባላቸውን ዕቃ ሊወስዱ መጡ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ብርጭቆ፣ አሮጌው ጥቁር ደብተር። ዕቃውን በፌስታል ከያዙ በኋላ፣ «ስሙ የተጻፈበትን አሳዩኝ» አሉ። ማንም ያን አልጠበቀም። እንሽራህ ሰባተኛዋ ጋን ፊት ወሰደቻቸው፤ መርማሪዎቹም ተከተሉ፤ መነጽሩን በሻሻቸው ላይ ቀስ ብላ አስተካከለችላቸው።

ከላይ የእንሽራህ ስም አለ። ከሥሩ ስምንት ጊዜ፣ አንዱ ካንዱ በታች፣ የባላቸው ስም፣ ከጎኑም ቀይ ምልክት። ሐጃ ኑዕማት በከንፈራቸው ቆጠሩ።

«እሱ እኮ» አሉ፣ «በጾም ትኩሳት ይዞት እንኳ መጥቶ ነክቶ ይሄድ ነበር። ስምንት ቀን?»

«ስምንት ቀን፣ ሐጃ።»

«የአንቺን ወሰድሽ። አላህ ይይልሽ። እነዚህስ የማን ናቸው?»

ሐጃ ኑዕማት መነጽሩን አወለቁና አጠገባቸው ለቆመው መርማሪ ዘረጉለት። «አንተም እየው የኔ ልጅ።» አደረገው፣ አየ፣ አወለቀ፣ ለሚቀጥለው ሰጠ። ሁለተኛው አየ። ሦስተኛው አየ። በመጨረሻ አብዱል ሙዕጢ ጋ ደረሰ። መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ደግሞ ጠረገው፤ አደረገው። ቆየ። እንሽራህ በሕይወቷ ያን ያህል አንድ ቃል ናፍቋት አያውቅም።

«ዓይኔ ደክሟል ሐጃ» አለ አብዱል ሙዕጢ። «ምንም አይታየኝም።»

«አላህ ያብራልህ» አሉት ሐጃ ኑዕማት፤ ፌስታላቸውን አንስተው ማንም ሳይሸኛቸው ወጡ።

በአርባው ማግስት ኔርሚን የበዩሚን መግቢያ ስም ዘጋችው፤ ከእንግዲህ በእሱ ስም የሚገባ የለም። የተጻፈው ግን አይሰረዝም። እንሽራህ በየቀኑ ሰባተኛዋን ጋን በእጇ ዳብሳ፣ ቀለሙን ጠርጋ ስትጨርስ ቀና ትላለች፤ ከስሟ ሥር ስምንቱ መስመሮች እዚያው አሉ። አራቱ መርማሪዎችም በዚያው በኩል ያልፋሉ፤ የሚታያቸውም ያው ነው። ሰላም ይሏታል፣ ትመልስላቸዋለች። ስምንቱን ቀን ግን እስከ ዛሬ የእኔ ናቸው ያለ ሰው የለም።