ድስቱም የጾመበት ሁዳዴ

እፀገነት እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቃት አንዲት የበግ ጠጉር ክር ነበረቻት። ክሯን የቆረጠችው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጤና ኬላ በተመለሰች ዕለት ነው። የአሥር ወር ልጇን የፅዮንን ክንድ ዙሪያውን በክሩ ከባ፣ ጫፍና ጫፉ በተገናኘበት ላይ በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ትለካለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምሥራቅ የሕፃኗን ክንድ በመለኪያ ጥብጣቧ ስትለካ ቢጫው ላይ አረፈ። አረንጓዴው ደኅና፣ ቀዩ አደጋ ነው፤ ቢጫው በመካከላቸው ነው።

«ጡትሽ ብቻውን አይበቃትም» አለቻት። «አታስጥያት፤ ግን ገንፎዋ ላይ በየቀኑ እንቁላል ጨምሪላት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትብላ። በሁለት ሳምንት፣ ኀሙስ መልሰሽ አምጫት። እግሯ ካበጠ ወይ አልበላም ካለች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዕለቱን ነይ።»

«እሺ» አለች እፀገነት። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል!

እንቁላል ጠፍቶ አይደለም። ለፋሲካ የተጠራቀመው አሥራ አራት እንቁላል ገብስ ውስጥ ተቀብሯል። ሕፃን እንደማይጾምም አሳምራ ታውቃለች፤ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ሰበካ የሚያገለግሉት የቄስ ኃይለመስቀል ሚስት ናትና ይህን ለማወቅ ማንም አያስተምራትም። ችግሩ ድስቱ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ድስትና አንድ ማማሰያ ነው። ሁለቱም በቅበላ ማግስት በአመድ ታሽተው፣ በፈላ ውኃ ታጥበው ጾመኛ ሆነዋል። በዚያው ድስት እንቁላል ቀቅላ ሽሮ ብትሠራበት ባሏን ጾም ልታስገድፋቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቀዳሽ ናቸው። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ይህንኑ እየፈሩ፣ ሕፃን አይጾምም እያሉ ሕፃኖቻቸውን ያስጾማሉ።

ባሏን ጠየቀቻቸው። ቄሱ በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ሲመለሱ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

«ሕፃን ደግሞ መቼ ይጾማል? ስጫት እንጂ!» አሏት። በምን ዕቃ እንደምትቀቅለው ግን አልነገሯትም። ወንዶቻችን በቤት ውስጥ ድስት መኖሩ ትዝ የሚላቸው ወጥ ሲዘገይ ብቻ ነው።

ሌላ ዕቃ እንዳትፈልግ ደግሞ አማቷ አሉ። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ከመነኮሱ ወዲህ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ባና ለሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ይውላሉ። በጾም ዕቃ ቀልድ አያውቁም። አምና ጎረቤት ተውሳ የመለሰችውን ማማሰያ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ ብለው እሳት ውስጥ ጨምረውታል። በእሳቸው ፊት በሁዳዴ እንቁላል መቀቀል ለእፀገነት የማይታሰብ ነበር።

ስለዚህ ደረቅ የገብስ ገንፎዋን እያጎረሰች፣ ክሯን እየለካች ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን የክሩ ጫፍና ጫፍ ተነባበረ። የበግ ጠጉር ይለጠጣል፣ ክሩ ረዝሞ ነው እንጂ ክንዷስ አልቀነሰም ብላ ራሷን አታለለች። በአሥረኛው ቀን የተነባበረው የጥፍር ወርድ ያህል ሆነ። ፅዮን አጎዛው ላይ እንዳስቀመጧት ትቀራለች፤ ድመቷ በፊቷ ስታልፍ እንኳ እጇን አትዘረጋም። እፀገነት እግሯ አብጦ እንዳይሆን እያለች በቀን አሥር ጊዜ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ጤና ኬላ ምሥራቅ ዘንድ እንዳትሮጥ፣ እንቁላሉን ሰጠሻት ወይ ብትባል ምን ትመልሳለች? አንድ ቀን አንዱን እንቁላል ከገብሱ አውጥታ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣው ዋለች፤ ሲመሽ መልሳ ቀበረችው።

በማግስቱ ክሯን ስታወጣ እማሆይ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ምንድን ነው ጧት ጧት የምታስሪባት? በቄስ ቤት ክታብ ጀመርሽ?»

«ክታብ አይደለም፣ እማሆይ። ክንዷን ነው የምለካው» አለችና አለቀሰች። ቢጫውንም፣ እንቁላሉንም፣ ድስቱንም እያለቀሰች ዘረገፈችው።

እማሆይ ክሯን ተቀበሏት። በሕፃኗ ክንድ ላይ ራሳቸው ጠመጠሙና የተነባበረውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነሥተው ወጡ። እፀገነት ለባሏ ሊነግሩባት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄዱ መሰላት።

ተከትላ ብትወጣ እማሆይ ግቢው መሐል ሦስት ድንጋይ አስቀምጠው እሳት ሲያያይዙ አገኘቻቸው። እሳቱ ላይ የጣዱት ውኃ የሚጠጡባትን የራሳቸውን ጣሳ ነው።

«ጣሳዎን? በምን ሊጠጡ ነው?»

«በእጄ። እንቁላሉን አምጪ።»

«እማሆይ፣ ሰው ያያል!»

«ይይ።»

የበሰለውን እንቁላል በጣታቸው ፈረካክሰው ከገንፎው ጋር ለወሱት። ፅዮን የመጀመሪያውን ጉርሻ ተፋችው፣ ሁለተኛውን ዋጠችው፣ ለሦስተኛው አፏን ከፈተች።

«የትምወርቅን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ እማሆይ ቀና ሳይሉ።

እፀገነት ሰምታለች። የባሏ ታላቅ እኅት ናት፤ በሕፃንነቷ ቡዳ በላት ይባላል።

«በሁዳዴ ነው የቀበርኋት። ዓመት አልሞላትም። ቡዳ ነው አሉኝ፣ እኔም ቡዳ ነው ስል ኖርሁ። ክንዷ እንዲህ ነበር።» ክሯን በጣታቸው ላይ ጠቀለሏት። «ኀሙስ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ያቺን ምሥራቅ የምጠይቃት አለኝ።»

«ምን ሊጠይቋት ነው?»

እማሆይ የእንቁላሉን ቅርፊት ከመሬት ለቀሙ። ዶሮዎቹ እግራቸው ሥር የወደቀውን የገንፎ ፍርፋሪ ይለቅማሉ።

«ያኔም ዶሮ ነበረኝ» አሉ።