ይርዳው ካሴን ፍለጋ

የሠፈራችን ልጆች «እማማ፣ ዘር ሲቆጥሩ ያጋጠመዎትን ይንገሩን እንጂ!» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰው ስቆጥር ነው የኖርኩት። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች።

ሥራውን የጀመርኩት በአክስቴ እጅ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ፣ ልጆቹ እስከ ሰባት ቤት የማይዛመዱ መሆናቸውን የምትጠየቅ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከፍኖተ ሰላም ገበያ ጥጥ ሽጠን ስንመለስ አንድ ቤት ይዛኝ ገባችና እፍኝ ባቄላ ሰጠችኝ። «ስም በጠራሁ ቁጥር አንድ ፍሬ አስቀምጪ። የወንዱ ወገን በቀኝ፣ የሴቷ በግራ።» እኔ ወሬ ሳዳምጥ አንዷን ፍሬ ቆረጠምኳት። «ኧረ የሰው አያት በላች!» ብላ ቤቱን አሳቀችው።

እሷ ስታርፍ ሥራው ለእኔ ቀረ። ጥጤን ይዤ ከቡሬ አዴት፣ ከአዴት ሊበን እዞራለሁ። ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ክርስትና እበላለሁ፣ በዚያው የማን አያት ማን እንደሆነ እለቅማለሁ። እግሬም አፌም መንገድ ይወዳል።

አሁን ወደ ትርንጎ ልምጣ። ትርንጎ የቡሬ ገጠር ልጅ ናት። ያጫት ልጅ ደግሞ የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ሰው ነው። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ሊጣል ሲል ቁጠሪልን ተባልኩ። ባቄላዬን ደረደርኩ። በቀኝ ሦስተኛው ላይ ይርዳው ካሴ፤ በግራም ሦስተኛው ላይ ይርዳው ካሴ!

የቡሬው ይርዳው በጣልያን ጊዜ ሚስትና ሴት ልጅ ትቶ ከአርበኞች ጋር ዱር ገባ፣ አልተመለሰም። የፍኖተ ሰላሙ ይርዳው ጣልያን ሲወጣ ከወዲያ መጥቶ አገባ፣ ወንድ ልጅ ወለደ። ዕድሜ ልኩን ቡሬ ገበያ አልረገጠም አሉ። የፊተኛዋን ሚስቱን ሸሽቶ ነው አልኩ በሆዴ። «አንድ ሰው ነው፤ ሦስት ቤት ነው፤ አይሆንም» ብዬ ፈረድኩ።

የልጁ አባት አቶ ደሴ ተቆጡ። «ጥጥሽን ብትፈትይ ምን ነበረበት? ቤቴን ፈታሽው እኮ!»

ትርንጎ ግን እስከ መንገድ ድረስ ተከተለችኝ። «እማማ፣ ያልተጠየቀ ሰው ካለ ይጠይቁልኝ። ካለ እሱ ሌላ አላገባም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

መጀመሪያ የትርንጎ አያት ዘንድ ሄድኩ። የቡሬው ይርዳው ልጅ ናቸው፤ መንኩሰዋል። «እማሆይ፣ አባትዎን ለነፍሱ ሲያስቡት ማን ብለው ነው?» አልኩ።

«እናቴ ተዝካሩን ስታወጣም፣ እኔም ዛሬ ድረስ፣ ወልደ ሚካኤል ብለን ነው። ምነው?»

«ይቆዩኝ እስቲ» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ የፍኖተ ሰላሙ ይርዳው የተቀበረበት ደብር ደረስኩ። ሽማግሌው ቄስ ፀሐይ እየሞቁ ነው።

«አባ፣ ይርዳው ካሴ ሲቀበር ማን ፈታው?»

«እኔ ነኛ። ገና ወጣት ቄስ ነበርኩ።»

«በክርስትና ስሙ ማን ብለው?»

«ገብረ ሥላሴ። የንስሐ ልጄም ነበር። ምን አጠፋ ደግሞ?»

«እሱስ ምንም፤ ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አልኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠመቅም። ሁለት ሰዎች ናቸው።

በነጠላዬ ጫፍ ያሰርኩትን ባቄላ ይዤ አቶ ደሴ ቤት ገባሁ። እንደገና ደረደርኩ፤ የሚታወቀው ስም ሁሉ ሰባት ቤት ድረስ አልተገናኘም። አቶ ደሴ «ጠላው ሳይኮመጥጥ በደረሽ!» አሉ። በሠርጉ ቀን ከሙሽራዋ እናት አጠገብ አስቀመጡኝ። ዛሬ ትርንጎ ሦስት ወልዳለች።

ከዚያ ወዲህ የክርስትና ስም ሳልጠይቅ ፍሬ አላስቀምጥም። ነገ ሥራዬን ለሚረከበኝም የምለው ይኸንኑ ነው።

ዓመታት አልፈው፣ ቡሬ ገበያ አንድ ሽማግሌ የጨው ነጋዴ ሐጂ የቀረውን ነገሩኝ። አባታቸው ለአርበኞች ጨው ያቀብሉ ነበር፤ ሁለቱንም ይርዳዎች ያውቋቸው ነበር። ጓደኛሞች ነበሩ። የቡሬው ይርዳው ወንዝ ዳር ተመትቶ ሲሞት፣ የፍኖተ ሰላሙ ቀበረው። በራሱ ስም ጣልያን እያሳደደ ይፈልገው ስለነበር የሟቹን ስም ይዞ ወጣ፤ ኋላም አልመለሰውም። የራሱ ስም ማን እንደነበር ሐጂም አያውቁትም።