አንድ ብልቃጥ የጆሮ ጠብታ

ያ ኮረብታ ራሰ በራ ነበር፤ ዛፍ የሚባል አልነበረውም። «ያዙና ጠብቁ» ተባልን፤ ያዝን። ከግርጌው የቆመ ውሃ ነበር። እኔና የመቶ መሪያችን ታደለ የሐዋሳ ሐይቅ ልጆች ነን፤ ውሃ አይተን እንዴት እንለፍ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከነጭንቅላታችን ጠለቅንበት። ልጆቼ ስለ ጥይቱ ይጠይቁኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚናፍቀኝ ያ ዋና ነው።

ብዙም ሳይቆይ የሁለታችንም ጆሮ ግራ ቀኙ መግል አወጣ። እኔ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ የሚስጥር ቃላቱን የማውቀውም እኔ ብቻ። መንገዱን መድፍ ዘግቶታል፤ ስንቅም መድኃኒትም አይደርሰንም። ሐኪማችን ዳንጊሶ፣ እሱም ከሐዋሳ ዳር የቡሹሎ ልጅ፣ ቦርሳውን በርብሮ አንድ ብልቃጥ የጆሮ ጠብታ አወጣ።

«ለሁለት ከከፈልኩት ማናችሁንም አያድንም» አለ።

ታደለ ሳቀ። «የኔ ሥራ መጮህ ነው፤ መስማት የሱ ነው። ለሱ አድርግለት።»

እምቢ አልኩ። አልሰማኝም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ።

ዳንጊሶ ብልቃጡን ብብቱ ውስጥ ሞቅ ያደርግና በጎኔ አስተኝቶ ያንጠባጥብልኛል። ታደለ አጠገባችን ቆሞ፣ «ዝም በሉ፣ ጆሮው እየጠጣ ነው» እያለ ምሽጉን በሳቅ ይገድለዋል። የኔ ጆሮ ደረቀ፤ የሱ ባሰበት። በእጅ ምልክት መግባባት ጀመርን። እሱንም ቀልድ አደረገው።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጠላት አጠቃን። እስከ ረፋድ ተዋጋን። ከዚያ በሬዲዮ ትእዛዝ መጣ፤ ኮረብታውን ልቀቁ፣ የራሳችን መድፍ ሊመታው ነው። ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ለታደለ በእጄ አሳየሁት። አንድ በአንድ አስወጣን፤ እሱ የመጨረሻው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሳለን የጠላት ሞርታር አፏጨ። ሰምተን ተደፋን። ታደለ ቆሞ እየቆጠረን ነበር። ስሙን ጠርቼ ጮህኩ።

ሸለቆው ውስጥ ስንቆጠር ሦስት ሰው ጎድሎናል። ሁለቱ ጠዋት ምሽጉ ውስጥ የወደቁ ናቸው፤ ሦስተኛው እሱ። ዳንጊሶ ዛሬም ቡሹሎ ይኖራል። ስንገናኝ፣ «መልእክቱን ባትሰማ ኖሮ አንዳችንም አንተርፍም ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔም ይህንኑ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ሐዘኑን ግን አልቀነሰልኝም።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ጆሮ ታሞ፣ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሻጯ ጠብታውን አስቀመጠችልኝ።

«አንድ ይበቃል፣ አባባ» አለችኝ።

«ሁለት ስጪኝ» አልኳት።