ቀይ ክር የታሰረበት የባትሪ ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ የካ ሚካኤል አካባቢ ባለች አንዲት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ ጥንቸል የምትመስል ትንሽ መብራት ነጠላዬ ውስጥ አስገብቼ፣ ራሴንም አብሬ ከትቼ ስመረምር ያየኝ ሰው፣ ይህቺ ሴትዮ ምን ነካት ሳይል አልቀረም። መብራቷ ለልጅ ልጄ ለሶልያና ናት። አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ትዕግስት፣ ማለት የእኔ ልጅ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ የራሷን አልጋ ገዝታላት ነበር፤ ልጅቷ ግን ጨለማ ባየች ቁጥር እየጮኸች እናቷ ጉያ ትገባለች። ትዕግስት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ታክሲ የምትሰለፍ ሰው ናት፤ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ጎድጉዷል። «እማዬ፣ ቻርጅ የሚደረግ፣ ሽንት ቤትም ስትሄድ ይዛው የምትሄደው ነገር ፈልጊልን። አንቺን የሚያታልል ነጋዴ ገና አልተወለደም» አለችኝ።

አልዋሸችም። እኔ ሻጭ ፈገግ ሲልልኝ ቦርሳዬን ጠበቅ የማደርግ ሴት ነኝ። መጀመሪያ ሻጯ ያሳየችኝ ኮከብ ብርሃኑ ነጭ፣ እንደ ክሊኒክ ኮሪደር የሚያንቀጠቅጥ ሆነብኝ፤ ሁለተኛው ሆዱ ያለ ብሎን ተከፍቶ እንደ ኪኒን ያለች ክብ ባትሪ መዳፌ ላይ ዱብ አለች፣ ልጅ ብታገኛት ወዲያው አፏ ውስጥ ናት፤ ሦስተኛው ቻርጅ ላይ ሲሰካ የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተኝ። ጥንቸሏ ግን ለስላሳ ናት፣ ባትሪዋ በብሎን ተዘግቷል፣ ብርሃኗም እንደ ቅቤ ቢጫ ነው። ምንም ነውር ሳጣባት ይባስ ብዬ ጠረጠርኳት።

«ማዘር፣ ይቺ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች» አለች ሻጯ፣ ጸጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ቀልጣፋ ሴት።

«ማን አብሯት አድሮ አየ?»

«የእኔ ልጅ!»

«የራስሽን ልጅ ምስክር ትጠሪያለሽ? እንግዲያው እስክትጠፋ ቁጭ ብዬ ልያት።»

«ይቀመጡ፤ ራትም እዚሁ እንበላለን» ብላ ስቃ ወንበር አቀረበችልኝ። የቀለድኩ መስሏት ነው። ተቀመጥኩ።

ጨለማ ላይ እንዴት እንደምትሆን ለማየት ነበር ነጠላዬን የተከናነብኩት። እጄን ላይዋ ላይ ስጭን ጣቶቼ እንደ ፍም ቀሉ፤ የአጥንቴ ጥላ መሃላቸው ቆሞ ታየኝ። ያንን ቅላት ካየሁት ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሱቁም ሻጯም የመኪናውም ጡሩምባ ጠፍተው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እንጦጦ ብርድ ልብስ ውስጥ ተገኘሁ።

ያደግሁት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ከተሸጎጡት ጥቂት ቤቶች በአንዱ ነው፤ እማዬና እኔ ብቻ። የነበረን መብራት ኩራዝና ሁለት ድንጋይ የሚጎርስ አንድ የእጅ ባትሪ ነበር። ባትሪው ቅንጦት አልነበረም። የቦኖ ውኃ የሚገኘው ጅብ ወደ ጉድጓዱ ሳይመለስ፣ ገና ሳይነጋ ስለነበር፣ እማዬ ከጎረቤታችን ከእትዬ አበበች ጋር እንስራቸውን አዝለው በጠባቡ መንገድ ይወርዳሉ። እትዬ አበበች ከከምባታ የመጣች፣ ልብስ ስታሰጣ መዝሙር የምታንጎራጉር፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ቀጭን ሴት ነበረች። ሁለቱም ባትሪ ነበራቸው፤ ድንጋይ ለመቆጠብ ግን አንድ ቀን የእማዬ ይበራል፣ በማግስቱ የእትዬ አበበች።

ቻርጅ የሚባል ቃል ባንሰማም ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ እናሞቀው ነበር። ግንበኛው የእትዬ አበበች ባል በሁለቱ ቤቶች መሃል ባቆመው ካብ ላይ የእኛ ሁለት፣ የእነሱ ሁለት፣ ጎን ለጎን እንደ ሽማግሌ ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። ማታ ባትሪው ውስጥ ሲመለሱ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ፤ እኔ ደግሞ ያቺን ነፍስ እጠባ ነበር። ባሕር ዛፉ በንፋስ ሲንቋቋ ሰው የሚራመድ ስለሚመስለኝ፣ እማዬ እንቅልፍ ሲወስዳት ባትሪውን ከትራሷ ሥር ስቤ ብርድ ልብስ ውስጥ አበራዋለሁ። እጄን ፊቱ ላይ ጭኜ የራሴን ቀይ ጣቶች እያየሁ፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው እያልኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስነቃ የባትሪው ዓይን እንደ ታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ አጥፍቼ መልሼ እሸጉጠዋለሁ።

እማዬ አዲስ ድንጋይ በቶሎ እንደሚደክምባት ስታውቅ ስንት ሌሊት እንደቆየ መቁጠር ጀመረች። ከዚያ የእኛ ድንጋዮች ላይ ቀይ ክር አሰረች። ክሩ እንደታሰረ ድንጋዩ ሲሞት ደግሞ «አበበች ክሩን ፈትታ የራሷ የሞተ ድንጋይ ላይ ታስርና የእኔን ትወስዳለች» አለች። አንድ ቀን አገጬን ይዛ «እነዚህን ድንጋዮች ሰው ሲነካቸው አይተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አይቻለሁ። እማዬ ገበያ በሄደችበት ቀን በረዶ ድንገት ሲወርድ፣ እትዬ አበበች የድስት ክዳን ራሷ ላይ ደፍታ እየሮጠች ወጣች፤ ከራሷ በፊት የእኛን ሰብስባ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ የእኛው ጣራ ክፈፍ ሥር አስቀመጠችልን። ስለዚህ «እትዬ አበበች ነክታቸዋለች» አልኩ። ውሸት አይደለም። ስለ በረዶው ግን አላነሳሁም።

እማዬ ካቡ ጋ ሄዳ «አበበች፣ የእኔ ድንጋይ አንቺ ቤት ነው አሉ የሚያበራው» አለቻት። እትዬ አበበች ቀልድ መስሏት በዚያ ትልቅ ሳቋ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ የእማዬን ፊት አየች። ገባችና ባትሪዋን አምጥታ፣ ቂጡን ፈትታ፣ ሁለቱን ድንጋዮቿን ካቡ ላይ ዘረገፈቻቸው። «ውሰጂያቸው፣ እህቴ» አለች። ክር አልነበረባቸውም። እማዬ አላነሳቻቸውም፤ እትዬ አበበችም አልተመለሰችላቸውም። እዚያው ዝናብ መታቸው፣ አብጠው ፈነዱ፣ የካቡን ድንጋይ በዝገት አቆሸሹት።

ከዚያ ወዲያ በማለዳ ከበር ላይ ቆሜ የማየው ሁለት ብርሃን ነበር፤ ሌላ ድንጋይ ያገኘችው የእትዬ አበበች ከፊት፣ የእማዬ ርቆ ከኋላ፣ ሁለቱም ደካማ። አንድ ንጋት የኋለኛው ብርሃን መንገድ ላይ ድርግም አለ። ያን ሌሊት ድንጋዩን የጨረስኩት እኔ ነበርኩ። የጅብ ድምፅ ተሰማ፣ እንስራ ሲሰበር ተሰማ፣ ከዚያ የፊተኛው ብርሃን ዞሮ ወደ ኋላ መጣና ከእማዬ እግር ፊት ፊት እየበራ እስከ በራችን አደረሳት። እትዬ አበበች ከዚያው ተመለሰች። እማዬ ደፉ ላይ ተቀምጣ «አየሽ? ቢጸጽታት ነው» አለችኝ። ያኔም አፌ ውስጥ የነበረውን ዋጥኩት። ክረምቱ ሲወጣ ባሏ ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሄዱ፤ የት እንደሆነ አልጠየቅንም። እማዬም ያንኑ እንዳመነች ሞተች።

«ማዘር፣ አሁንም እየበራች ነው!» የምትለው ሻጯ ነጠላዬን ገለጥ ስታደርግ ዓይኔ እርጥብ ሆኖ አገኘችኝ። ጥንቸሏን ገዝቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ትዕግስት ደወለች። «እማዬ፣ አንቺም ተሸወድሽ! ሙሉ ቻርጅ አድርጌያት ሳይነጋ ድርግም ትላለች። ሴትዮዋ የተበላሸ ነው የሸጠችልሽ፤ ነገ ወስደሽ ፊቷ ላይ ወርውሪላት።» ሻሿ፣ ሳቋ፣ ያቀረበችልኝ ወንበር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንኮል መስለው ታዩኝ፤ የምናገረውም ስድብ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ከዚያ ጣቶቼ ትዝ አሉኝ።

«እስቲ ስልኩን ለሶልያና ስጫት» አልኩ። የልጅ ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ሶሊዬ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነሽ ጥንቸሏን በእጅሽ ስትሸፍኛት ጣትሽ ቀይ ይሆናል?»

ትንፋሿ ወደ ስልኩ ተጠጋ። ከዚያ፣ እናቷ እንዳትሰማ፣ በሹክሹክታ፦

«ማን ነገረሽ?»

ትዕግስት ስልኩን መልሳ ስትቀበል «ሴትዮዋ ምንም አላደረገችም፤ ልጅቷ ናት» አልኳት። የካቡ ድንጋይ ፈርሶ፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ፣ ልትሰማኝ የሚገባት አንዲት ሴት አፈር ገብታ፣ ሌላዋ የት እንዳለች እንኳ ሳላውቅ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አፌ ውስጥ የያዝኩት ቃል የካ አባዶ ላለ ስልክ ተነገረ።