በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኋት አንዲት ቃል

እንግሊዝኛ «አንቺ»ን ከ«እርስዎ» አይለይም። ይህን ጉድለት ለተማሪዎቼ ዓመት በዓመት ሳስረዳ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ግን መሸሸጊያ አደረግሁት።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ቆቦ ላይ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ። ከሌላ አገር ተመድቤ የመጣሁ፣ ዕድሜዬ ወደ አርባ የተጠጋ፣ ከመዝገበ ቃላት በቀር የቅርብ ወዳጅ የሌለኝ ሰው ነበርሁ። ባልደረቦቼ ከእኔ አፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ከማውጣት ከቆቦ ሜዳ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ማውጣት ይቀላል ይሉ ነበር። አላስተባበልሁም፤ ማስተባበልም መናገርን ይጠይቃል።

በዚያ ዓመት ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መምጣት ጀመረች። አባቷ ዋጃ ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ነበሩ። ዲግሪዋን ለመማር የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ነበረባት፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ድርሰት ትጽፋለች፣ እኔ አርማለሁ። እኔ «ሲስተር» እላታለሁ፤ እሷ «መምህር» ትለኛለች። በመካከላችን አንድ ጠረጴዛና ሁለት «እርስዎ» ነበሩ።

የፈተናው ምዝገባ ሲቃረብ ፍርሃት ያዘኝ። ካለፈች ትሄዳለች፤ እንደምወዳት ሳልነግራት መሄዷ ነው። በአማርኛ እንዳልነግራት፣ «ነሽ» ልበል ወይስ «ነዎት» የሚለው ጥያቄ ገና ሳልጀምር ያስቆመኛል። በእንግሊዝኛ ግን ይህ ጭንቀት የለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ቃል ስመርጥ ሰነበትሁ። «ቢዩቲፉል»ን ናቅሁት፤ የሳሙና መጠቅለያ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። «ናይስ» ለሻይም ይባላል። በመጨረሻ «ፌር» ላይ ዐረፍሁ። ፍትሐዊ ማለት ነው፤ ብራ ሰማይ ማለትም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የጥንት ባለቅኔዎች የወደዷትን ሴት የጠሩበት ቃል ነው። ቀይ መልክንም የሚገልጽ መሆኑ ትንሽ አሳስቦኝ ነበር፤ ሴቲቱ ጠይም ናትና። ሆኖም የጥንቱ ትርጉም ያሸንፋል ብዬ ቆረጥሁ።

ያን ቅዳሜ ድርሰቷን አረምሁና ከግርጌው፣ ከስሟ ጎን፣ ያቺን አንዲት ቃል ጻፍሁ። በኪሴ የነበረው እስክሪብቶ ቀይ ብቻ ነበር።

አነበበችው። ፊቷ ላይ የጠበቅሁት ነገር አልታየም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አመሰግናለሁ፣ መምህር። ቢያንስ አልዋሹኝም» አለችና ወጣች።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣችም። ነገሩ የገባኝ የተማሪዎችን ካርድ ስሞላ ነው። በካርዱ ጀርባ የውጤት መግለጫው እንደ ወትሮው ተደርድሯል፤ ኤክሰለንት፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር። በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ሰነፉን ተማሪ ሳላስቀይም የማልፈው በ«ፌር» ነበር። ፍቅሬን የገለጽሁላት «ለጥቂት ተረፍሽ» ብዬ ኖሯል።

በዚያው ሰሞን «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብላ ለፈተናው እንዳልተመዘገበች ሰማሁ። ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል። አልክድም፣ ዝም ካልሁ እዚሁ ትቀራለች ብዬ ለአፍታ አስቤአለሁ። ዝም ማለትን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚችል በአካባቢው አልነበረም። ግን አላስቻለኝም።

ጤና ጣቢያ ያለ በሽታ አይገባም። ስለዚህ ወባ ይዞኛል ብዬ ሄድሁ፤ በቆቦ ሙቀት ወባ የያዘው የማይመስል ሰው የለም። ሙቀቴን ለካች።

«ምንዎን ነው የሚያመዎት?»

«ራሴን።»

«ሌላስ?»

«ሌላም።»

«የት ላይ?»

ካርዴ ላይ ጻፈችና ሰጠችኝ። ወደ ካርድ ክፍል ስመልሰው አነበብሁት፤ አጠቃላይ ሁኔታ፣ ፌር።

በማግስቱ መዝገበ ቃላቴን ታቅፌ ተመለስሁ። በሩ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ከሩቅ አዩኝ።

«መምህር፣ ትናንትም ወባ፣ ዛሬም ወባ? ወላሂ ይህች ትንኝ እርስዎን ለይታ ነው የምትነድፈው!» መጽሐፉን አይተው ደግሞ፣ «ዛሬስ በሽታው ትምህርት ጀመረ እንዴ?» አሉ።

ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ጠረጴዛዋ ላይ ገለጥሁ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ጀመር።

«አንድ፣ ትክክለኛ፣ የማያዳላ። ሁለት፣ መጠነኛ። ይህን እንኳ ዐውቀዋለሁ። ሦስት፣ ቆዳው ነጣ ያለ።» የገዛ እጇን አየች። «አራት፣ ብራ፣ ዝናብ የሌለበት። ዝናብ የለብዎትም ማለትዎ ነው?»

«ትንሽ ወረድ ይበሉ።»

«አምስት፣ ቆንጆ...» ጣቷ ወደ ቅንፉ ሄደ። «ጊዜ ያለፈበት ይላል።»

«ቃሉ ነው» አልሁ። «ጊዜ ያለፈበት ቃሉ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ድርሰቴስ?»

«ስለ ድርሰቱ ምንም አልጻፍሁም።»

«በቀይ እስክሪብቶ፣ መምህር! በቀይ!»

«ሌላ አልነበረኝም።»

መዝገበ ቃላቱን ዘጋችው። በሩ ላይ ሕመምተኞች ተሰልፈዋል፤ ዘበኛውም ሰልፍ የሚያስከብሩ መስለው አንገታቸውን አስግገዋል።

«እንግዲህ በአማርኛ ይበሉት» አለች።

ያን ሁሉ ዓመት ቃል ሳጠራቅም የኖርሁ ሰው አንድ ቃል አጣሁ። ቆንጆ፣ ውብ፣ መልከ መልካም፤ ሁሉም «ነሽ» ወይም «ነዎት» ይሹ ነበር። በመጨረሻ ያዳነችኝ የአገሬው ቃል ናት፤ ሰውንም፣ ጠባይንም፣ በሬንም፣ ዝናብንም የሚያመሰግኑባት።

«ሸጋ» አልሁ፤ ከዚያም ቆምሁ።

«ማን ሸጋ? እኔ ወይስ ድርሰቱ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ መልሼ አላውቅም። «ድርሰቱ ገና ብዙ እርማት ይፈልጋል።»

መጀመሪያ የሳቁት ዘበኛው ናቸው። «አልሐምዱሊላህ! ወባው ለቀቃቸው!» ብለው ለተሰለፈው ሰው ሁሉ አወጁ። እሷ አፏን በመዝገቧ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ተመዘገበች። ቅዳሜም መጣች፤ ሰማያዊ እስክሪብቶ ገዝታልኝ። ፈተናውን አለፈች፣ እንደ ፈራሁትም ሄደች። ከዚያ የምትጽፍልኝ ደብዳቤ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ታርሞ እንዲመለስላት ከግርጌው ታሳስባለች። አርሜ እመልሳለሁ፤ ውጤት ግን አልሰጥሁም።

ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ወደ ዋጃ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ሽማግሌዎቹ ፊት ልጃቸውን ጠርተው፣ «ይህ መምህር እንዴት ያለ ሰው ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ፌር ነው» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«ትርጉሙ ብዙ ነው፣ አባዬ።»

አባቷ ጥቂት አሰቡና፣ «ብዙ ከሆነስ አንዱ አይጠፋም» ብለው ፈቀዱ።