ያላሰርኩት የፊት ፍሬን

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆን? ፈሪ ነኝ፤ ፈሪ ደግሞ አንደበቱ የሚፈታው በማያውቀው ሰው ፊት ነው።

ሱሉልታ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ። እሑድ እሑድ የታክሲ ሰልፍ ያማረራቸውን ሠራተኞች ሜዳ ላይ መንዳት አስተምራለሁ። ጀማሪ ሲደነግጥ የፊቱን ፍሬን ጨምቆ በመሪው ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን የፊቱን ፍሬን ሽቦ እፈታና አስፋልት ሳይወጡ መልሼ አስረዋለሁ። ዘዴው የራሴ ነው፤ እኮራበትም ነበር።

የብርቱካንን ግን አላሰርኩትም። ረሳሁት።

ብርቱካን አዲሱ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበረች። እያረፈደች ከሥራ ልትባረር ስትል ነው እኔ ዘንድ የመጣችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በብስክሌት ወደ ከተማ የወረደች ዕለት ጠዋት በሱቄ በኩል አለፈች።

«ኦቦ ደሬሳ፣ ፍሬኑን አይተውልኛል አይደል?»

«ሂጂ፣ ምንም አትሆኚ!» አልኳት። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።

ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ፍሬን ብቻውን አልያዘላትም። ከቦዩ ድንጋይ ጋር ተላትማ ጉልበቷ ተሰበረ።

መርሳት የሰው ነው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ አልጨረስኩም። ወንድሟ ብስክሌቱን ሱቄ አስቀምጦ ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጥ የተፈታውን ሽቦ አየሁት። አየሁትና አሰርኩት። በማግስቱ ሲጠይቀኝ «ፍሬኑ ደህና ነው፤ ደንግጣ ሳትይዘው ቀርታ ነው» አልኩት። አመነኝ። እሷም አመነች።

«ሁለቱንም የጨመቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እጄ ከድቶኛል። አሳፈርኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። እኔን! የገዛ እጇን እንድትጠራጠር ያደረግኳትን ሰውዬ!

የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ ስላልቻለች ሥራዋን ተወች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ አፌን ከዘጋሁ በምን ይጠራል?

ዘንድሮ ታናሽ እህቷን ላከችልኝ፤ «እንደ እኔ ፈሪ እንዳትሆን አደራ» ብላ። ባለፈው እሑድ የልጅቷን ፍሬን ሦስት ጊዜ ስፈትሽ ብርቱካን አይታ፣ «እንዴት ጠንቃቃ ነዎት! ገለቶማ፣ ኦቦ» ብላ አመሰገነችኝ። ምስጋናዋን እንደሚገባኝ ሰው ተቀበልኩ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የተሰበረው ጉልበት የእናንተ አይደለም። የብርቱካን ቤት ከሱቄ ማዶ ነው። በሯን እስካሁን አላንኳኳሁም።